አርባ ቀን በመንገድ

ደብዳቤው ከጎንደር ነው። በእጅ የተጻፉ ሦስት ገጾች በስልክ ፎቶ ተነሥተው ደረሱኝ። አሳጥሬ ላቅርበው።

«ሠላሳ ስምንት ዓመት አስተምሬ ባለፈው ዓመት ጡረታ ወጣሁ። ባለቤቴ ቀድሞኝ በ2012 ወጥቷል፤ ዕድሜውን በመንገድ ሥራ ቀያሽነት ነው ያሳለፈው። አሁን ‹አርባ ቀን በመኪናችን ዞረን ዘመድ ወዳጅ እንጠይቅ› ብሎ ተነሥቶብኛል። መኪናችን ያረጀች ዲኤክስ ናት። በደብተሩ አሥራ አንድ ቤት ጽፏል፤ ፍኖተ ሰላም፣ ደብረ ታቦር፣ ባሕር ዳር፣ ደብረ ማርቆስ፣ ወረታ እያለ ይቀጥላል። አዲስ አበባ ያለችው ልጃችንና ሐዋሳ ያለው ወንድሟ መጨረሻ ላይ ናቸው። የልጅ ልጁን ካየ ሦስት ዓመቱ ነው! ለእኔ ደግሞ ጉዞው አሥራ አንድ ቤት ሽንኩርት መክተፍ ነው። እምቢ ብለው ‹እንግዲያው ብቻዬን እሄዳለሁ› ብሎ ሳምንት አኮረፈ። ከጎጃም ወደ ደብረ ታቦር፣ ከዚያ ተመልሶ ጎጃም የሚወርድ ቀያሽ አለ? አእምሮው ተነክቶ ይሆን? ልጆቹ እንዲያስቆሙት ልንገራቸው ወይስ ዝም ብዬ ልከተለው?»

እናቴ፣ በአገርዎ ወግ አንቱ ልልዎት ይገባኝ ነበር፤ የጽሑፍ ልማድ ይዞኝ እርስዎ ብል ይታገሡኝ።

ሌሊት የሚያባንንዎት የአእምሯቸው ነገር ስለሚመስለኝ ከእሱ ልጀምር። የመርሳት ሕመም የጀመረው ሰው በለመደው ሰፈር መንገድ ይጠፋዋል፣ ሒሳብ ይምታታበታል፣ አንዱን ጥያቄ በአንድ ከሰዓት በኋላ አራት ጊዜ ይጠይቃል። እርስዎ ከዚህ አንዱንም አልጻፉም። እንዲያውም የዕድሩን ሒሳብ የሚይዙትም፣ የደም ግፊት መድኃኒትዎን ሰዓት የሚያስታውሱዎትም እርሳቸው ናቸው። እንዲህ ያለ ምልክት ካዩ ግን አያመንቱ፤ የዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል እዚያው ጎንደር ነው፣ ይመርመሩ።

ደብዳቤዎን ሁለተኛ ሳነብ እርሳስ ይዤ ነበር። «ነፍሱን ይማርና»፣ «ነፍሷን ይማርና» ያሉበትን ቦታ ሁሉ አሰመርኩ። ሰባት ሆነ። ከአሥራ አንዱ ቤት ሰባቱ ሰው ጎድሎባቸዋል ማለት ነው። ዓመቱን የጠቀሱልኝ የሦስቱን ነው፤ የፍኖተ ሰላሙ የካምፕ ጓደኛቸው በ2012፣ የደብረ ታቦሯ አበልጃችሁ ልጅ በ2014፣ የደብረ ማርቆሱ የቀድሞ አለቃቸው ባለፈው ዓመት። በደብተሩ ላይም የተቀመጡት በዚሁ ተራ ነው። እኔ እንደሚመስለኝ ባለቤትዎ ይህን መንገድ በኪሎ ሜትር አልቀየሱትም፤ በመርዶው ቀን ነው የቀየሱት። ልሳሳት እችላለሁ፤ ሦስት ነጥብ ለቀያሽም ጥቂት ነው። አርባ ቀን ማለታቸውንም አየሁት፣ ግን እሱን አጥብቄ አልናገርም።

እስቲ ያንን ጊዜ ያስታውሱ። በ2012 ባለቤትዎ ከመሥሪያ ቤት ሲሰናበቱ ኮሮና ገባ፤ በአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ። በ2013 ጦርነቱ ተከተለ። ከዚያም ወዲህ በእናንተ በኩል መንገዱ ሲከፈት ሲዘጋ ነው የከረመው። በእነዚህ ዓመታት ስንቱ ለቅሶ በስልክ ተደረሰ! በስልክ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ብሎ የዘጋ ሰው ደግሞ የደረሰ አይመስለውም። ለቅሶ ቤት ሄደን ስንቀመጥ የሟቹ ሚስት አሟሟቱን ለሃያኛ ጊዜ ትናገራለች፣ እኛም እንደ አዲስ እንሰማለን፤ በዚያ መሀል የእርሷም የእኛም ሐዘን ይቀልላል። ያልሄደ ሰው ላይ ግን ሐዘኑም እፍረቱም አንድ ላይ ይቀራል፣ እፍረቱ ደግሞ ሐዘኑን እንዳይናገር ያደርገዋል። እኔም እንዲህ ያለ አንድ ቤት አለኝ፤ በዚያ መንገድ ሳልፍ ዛሬም አንገቴን እደፋለሁ። በባለቤትዎ ዕድሜ ያለ የጎንደር ሰው «አዝኛለሁ» አይልም። «ዘመድ እንጠይቅ» ይላል።

ልጆቻችሁ መጨረሻ የተጻፉትም ስለተናቁ አይመስለኝም። እነርሱ በሕይወት አሉ፣ ይጠብቃሉ።

ይህን ሁሉ ማለቴ እርስዎ ተሳስተዋል ማለት አይደለም። ሮበርት አችሊ የተባለ አሜሪካዊ የእርጅና ተመራማሪ ጡረታን በምዕራፍ ሲከፍል፣ መጀመሪያ ላይ እንደ ጫጉላ ያለ ጊዜ ያስቀምጣል፤ መሰላቸቱና እንደገና መደራጀቱ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ባለቤትዎ ጫጉላቸውን ኮሮና በላባቸው፤ ስድስት ዓመት ቤት ተቀምጠው መውጣት አምሯቸዋል። የእርስዎ ገና አንድ ዓመቱ ነው። ሠላሳ ስምንት ዓመት በደወል የተነሣች ሴት ጠዋት ቡናዋን ሳትቸኩል መጠጣት ስትጀምር «ተነሺ፣ አርባ ቀን ሰው ቤት እንሂድ» ስትባል ትቆጣለች። እኔም ብሆን እቆጣለሁ።

የሽንኩርቱ ነገርም ቀልድ አይደለም። ወንዱ እንግዳ ሳሎን ተቀምጦ ስለ ድሮ ሲያወጋ ሴቷ እንግዳ «ኧረ ተቀመጪ» እየተባለች ወጥ ቤት ትገባለች፤ ካልገባች ትታማለች። ባለቤትዎ ይህን አያውቁትም፤ ከሳሎን አይታይማ። ይንገሯቸው። ግን «መኪና ያመኛል» በሚል ሰበብ አያድበስብሱት፤ ሰበብዎን አምነው ክኒን ነው የሚገዙልዎት።

አነጋገሩ እንዲህ ይሁን። ቡና ሲያፈሉ፣ ሌላ ሰው በሌለበት፣ «ለምን እንዲህ አድርገህ ጻፍከው?» ሳይሉ «እስቲ ስለ ፍኖተ ሰላሙ ጓደኛህ አጫውተኝ» ይበሏቸው። አቦሉ ላይ ጠይቀው እስከ በረካው ዝም ይበሉ። የአስተማሪ ልማድ ሆኖ መልሱን ቀድመው ሊጨርሱላቸው ይፈልጉ ይሆናል፤ ይታገሡ። ልጆቹንም ሽማግሌም አሁን አይጥሩ። በልጆቹ ፊት «አእምሮህ ተነክቷል» የተባለ አባት ደብተሩን አጥፎ ያስቀምጣል፣ ከዚያ በኋላ ስለዚህ ነገር አይነጋገርዎትም።

ግምቴ ትክክል ከሆነ ጉዞው ራሱ መልኩን ይለውጣል። ለቅሶ ለመድረስ የሚሄድ ሰው ድግስ አይጠብቅም፤ ቀድማችሁ ደውላችሁ «ለቅሶ ነው የምንደርሰው፣ ውለን እንመለሳለን» ካላችሁ ዶሮም አይታረድ፣ እርስዎም ወጥ ቤት አይገቡ። ፍኖተ ሰላም መጀመሪያ ይሁንላቸው፤ እሱን አይከራከሯቸው። ሌላውን እንደ መንገዱ ያስተካክሉት፣ ሥራቸው ነውና። ባሕር ዳር አንድ ሆቴል ይዛችሁ ወረታንና ደብረ ታቦርን ደርሶ መልስ ማድረግ ይቻላል። ዘመድ ባለበት ከተማ ሆቴል ማደር እንደ ስድብ እንደሚቆጠር አውቃለሁ፤ የደም ግፊትዎን ሰበብ ያድርጉት፣ ይህኛው ሰበብ እውነት ነው። እርስዎንም የሟች ቤተሰብ የሚያውቅዎት ቤት አብረው ይሂዱ፤ የካምፕ ወዳጆቻቸው ዘንድ ብቻቸውን ቢሄዱ ትዳር አይፈርስም።

መኪናዋ እስከ ባሕር ዳር ትበቃለች፤ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አዲስ አበባ ግን ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ በመሀል ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ወርዶ ወደ ጎሐ ጽዮን መውጣት አለ። ያን ቁልቁለት ባረጀ ፍሬን፣ ያን አቀበት በሚፈላ ራዲያተር መሞከር ልክ እንዳልሆነ ከእኔ ይልቅ እርሳቸው ያውቁታል። በየሁለት ሰዓቱ ወርደው እግርዎን ያፍታቱ፤ መድኃኒትዎ ከእጅ ቦርሳዎ አይለይ። በየማለዳው እዚያው ያሉ ሰዎችን ስለ መንገዱ ይጠይቁ፤ «ዛሬ አትምጡ» ካሏችሁ የዘገየ ለቅሶ አንድ ሳምንት ቢጨመርበት ምንም አይልም።

ልጆቹ ደግሞ እነርሱ ይምጡ። ለጥምቀት ከመላው አገር ሰው ወደ ፋሲል መዋኛ ይጎርፋል፤ የእናንተ የልጅ ልጅ የማይመጣበት ምክንያት የለም። ሽንኩርቱን የሐዋሳው ልጅዎ ይክተፍ።

አንድ ነገር ቀረኝ። በሦስተኛው ገጽ ግርጌ አንድ መስመር ጽፈው ሰርዘውታል፤ ፎቶው ጥሩ ስለሆነ ከስረዛው ሥር ይነበባል። ዳባት አብረዋት ስላስተማሩት ጓደኛዎ ነው፤ ባሏ ሲሞት ስላልሄዱ ስልክ ማንሣት እንደተወች ጽፈዋል። ዳባት ከጎንደር 80 ኪሎ ሜትር አይሞላም። በአሥራ አንዱ ቤት ውስጥ የእሷን ፈልጌ አጣሁት።