የሬዶን ኮንቲንጀንሲውን አውጡት ተብለናል፣ እንፈርም?

አንዲት እህት የጠየቀችን ባጭሩ ይህን ነው። ከባለቤቷ ጋር ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ታውንሃውስ (ከጎረቤት ጋር ግድግዳ የሚጋራ ቤት) ሊገዙ ነው። ሬዶን ከመሬት ስር ወጥቶ ቤት ውስጥ የሚጠራቀም፣ የሳንባ ካንሰር የሚያመጣ ጋዝ ነው፤ ኮንቲንጀንሲው ደግሞ የሬዶኑ ውጤት ከፍ ካለ ገዥ ሻጩን አስተካክል የሚልበት ወይም ከውሉ የሚወጣበት የኮንትራት አንቀጽ ነው። ፈላጊው ብዙ ስለሆነ ኤጀንታቸው «የሬዶን ኮንቲንጀንሲውን አውጡት፣ ምርመራው እንደሆነ በሕግ ግዴታ ነው፣ አይቀርም» ብሏቸዋል። ሻጩ «ባለበት ሁኔታ ነው የምሸጠው» ይላል። ቤዝመንቱ (ምድር ቤቱ) ላይ የሚተኙት እናቷ ናቸው። ውጤቱ ከፍ ካለ ሻጩን በሕግ ማስጠገን እንችላለን ወይ?

እህቴ፣ ኮንትራቱ ላይ ካልጻፋችሁት አትችሉም።

ኤጀንትሽ የነገረሽ ግማሹን ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችበት ሞንጎመሪ ካውንቲ ከኦክቶበር 1 ቀን 2016 ጀምሮ እንዲህ ያለ ቤት ሲሸጥ የሬዶን ምርመራ እንዲደረግ ያስገድዳል። ታውንሃውስ ይገባል፣ ኮንዶ አይገባም። ምርመራው ከክሎዚንግ (ሽያጩ ከሚጠናቀቅበት ቀን) በፊት ባለው አንድ ዓመት ውስጥ የተደረገ መሆን አለበት፤ ውጤቱም ለሻጭም ለገዥም ይደርሳል። ሕጉ ግን እዚያ ላይ ያበቃል። ሻጩን አስተካክል አይለውም። ኮንቲንጀንሲውን ካወጣችሁ ውጤቱ የቱንም ያህል ከፍ ቢል ወረቀቱን ተቀብላችሁ መፈረም፣ ወይም ቀብዳችሁን ይዞ የሚከራከር ሻጭ መጋፈጥ ነው የሚቀራችሁ።

ስለዚህ አታውጡት። ፉክክሩ ካስጨነቃችሁ ቀኑን አሳጥሩለት፣ ለሻጭ ብዙ ጊዜ የሚከብደው መጠበቁ ነው። ውጤቱ 4 ፒኮኩሪ በሊትር (የሬዶን መለኪያ ነው) ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ሻጩ እንዲያስተካክል፣ እምቢ ካለ ደግሞ ቀብዳችሁን ይዛችሁ እንድትወጡ ይጻፍ። ቀነ ገደቡን ስልክሽ ላይ አላርም አድርጊበት፤ ቀኑ ካለፈ መብቱም አብሮ ያልፋል።

«ባለበት ሁኔታ» የሚለው ቃል ሻጩን ሙሉ በሙሉ አያድነውም። በሜሪላንድ ሕግ ሻጭ ስለ ቤቱ ሁኔታ ፎርም ይሞላል፣ ወይም ዋስትና አልሰጥም ብሎ ይፈርማል። ሁለተኛውን ቢመርጥም በዓይን የማይገኝና ጤናን በቀጥታ የሚያሰጋ ጉድለት እያወቀ መደበቅ አይችልም። ሬዶን ደግሞ አይታይም፣ አይሸትም። የድሮ ከፍተኛ ውጤት እጁ ላይ እያለ ዝም ካለ ጥሩ መከራከሪያ አለሽ፤ ያውቅ እንደነበር ማስረዳቱ ግን ያንቺ ሸክም ነው። አሁኑኑ በኢሜይል ጠይቂው፦ ከዚህ በፊት ተመርምሯል ወይ? መልሱ በጽሑፍ ይኑርሽ።

ቤቱን ስታዪ ከቤዝመንት ወለል ወደ ጣሪያ የሚወጣ ነጭ የፕላስቲክ ቱቦ ፈልጊ። ካለ፣ ሬዶንን ከቤቱ ስር በማራገቢያ ስቦ ወደ ውጭ የሚያወጣ መሣሪያ ሊሆን ይችላል፤ ቱቦው ላይም ባለቀለም ፈሳሽ ያለበት የዩ (U) ቅርጽ ያለው ቀጭን መለኪያ ሊኖር ይችላል። ፈሳሹ ግራና ቀኝ እኩል ከሆነ ማራገቢያው እየሳበ አይደለም።

የአጭር ጊዜ ምርመራ ቢያንስ 2 ቀን ይወስዳል። ከመጀመሩ 12 ሰዓት በፊት አንስቶ እስኪያልቅ መስኮትና በር ይዘጋል፣ ለመውጫና ለመግቢያ ካልሆነ አይከፈትም። ሻጩ ቤቱ ውስጥ እየኖረ ቡና ቆልቶ ጭሱን ለማስወጣት መስኮት ከከፈተ ቁጥሩ ዝቅ ይላል። መርማሪው መሳሪያው መነካቱን የሚያሳይ ምልክት እንዲያደርግበት ጠይቂ፣ መሳሪያውም እናትሽ የሚተኙበት ቤዝመንት ላይ ይቀመጥ። ጋዙ የሚመጣው ከመሬት ስር ነው፣ የሚበዛውም ታች ነው። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ በአገሩ በዓመት ወደ 21,000 ሰው ከሬዶን ጋር በተያያዘ የሳንባ ካንሰር እንደሚሞት ይገምታል፣ ያላጨሱም አሉበት።

ኮንትራቱን ገና ካልፈረማችሁ ዛሬ ማታ ለኤጀንቱ «ኮንቲንጀንሲው ይቆይ» ብለሽ ጻፊለት። ፈርማችሁ ከሆነ ግን የተፈረመውን ወረቀት ይዘሽ ጠበቃ ጋ ሂጂ፣ ቀኑ ሳያልፍ።