ሾውሽን በአራት ስክሪን ልታጠኚ ነው? ደብዳቤውን ሳትጠብቂ ዛሬ ማታ መሰብሰብ ጀምሪ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ ራሴን ነው ያየሁት። ማስተርስሽን በሚዲያ እየሠራሽ ነው። አንድ የቴሌቪዥን ሾው በቲቪ፣ በዩቲዩብ፣ በቴሌግራምና በቲክቶክ እንዴት እንደሚሠራ ልታጠኚ አስበሻል። ከየት ልጀምር፣ ጣቢያውስ መረጃ ይሰጠኛል ወይ ብለሻል። ከላይ የመለሱልሽ "መጀመሪያ ሊትሬቸር አንብቢ" ብለውሻል። እሱን አማካሪሽም ይነግርሻል። እኔ የምጽፍልሽ ለእኔ ማንም ያልነገረኝን ነው። ይሄንኑ ርዕስ ሠርቼበታለሁ፤ ተቃጥዬበታለሁ፤ ግን ጥሩ ውጤት ይዤ ወጥቻለሁ።

በቁጥር ላስቀምጥልሽ።

1. ደብዳቤ አትጠብቂ። "የትብብር ደብዳቤ ሳትይዢ ዳታ እንዳትነኪ" ይሉሻል። እኔንም ብለውኛል። ደብዳቤ የሚያስፈልገው ጣቢያው ውስጥ ላለው ነገር ነው። ሰው ለማነጋገር፣ ኤዲቲንግ ክፍል ገብቶ ለማየት፣ የዩቲዩብ ስቱዲዮአቸውን (የቻናሉ ባለቤት ብቻ የሚያየውን ገጽ) ቁጥር ለመጠየቅ። አደባባይ ላይ የተለጠፈውን ቪዲዮ፣ ርዕሱን፣ ተምኔሉን (የቪዲዮውን የሽፋን ምስል)፣ ኮሜንቱን ለማስቀመጥ ግን የጣቢያውን ማኅተም አትጠብቂም። (ዲፓርትመንትሽ የሥነ ምግባር ፎርም ካለው እሱን ሙዪ። የኮሜንት ጸሐፊዎችን ስምም ከጽሑፍሽ አውጪ። እዚህ ላይ ቀልድ የለም።)

እኔ የያዝኩት በአንድ የግል ጣቢያ በየሳምንቱ የሚተላለፍ የመዝናኛ ሾው ነበር። ስሙን አልጠራም፤ ውስጡ የሚሠሩት ልጆች ዛሬም ጓደኞቼ ናቸው። ዲፓርትመንቱ ደብዳቤ ጻፈልኝ፤ ይዤ ሄድኩ። መዝገብ ቤት ያለችው ልጅ ገልብጣ አየችውና "ይሄ የተጻፈው ለጣቢያው ነው፤ ለሥራ አስኪያጁ መባል ነበረበት" አለችኝ። አስተካክዬ መለስኩ። "ሥራ አስኪያጁ ወደ ሕዝብ ግንኙነት መርተውታል" ተባልኩ። ሕዝብ ግንኙነት ስገባ ሰውየው ከስልኩ ቀና ሳይል "ምንድን ነው የምታጠናው?" አለኝ። ነገርኩት። "ቲክቶክ ደግሞ ይጠናል እንዴ?" ብሎ አጠገቡ ከተቀመጠው ጋር ተሳሳቀ። ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቂዋለሽ። ስብሰባ ላይ ናቸው። መስክ ወጥተዋል። ነገ ብቅ በል።

እኔ ስመላለስ ምን ሆነ መሰለሽ? ከጣቢያው ዩቲዩብ ላይ የሾው የአንድ ሲዝን ክፍሎች በአንድ ሌሊት ጠፉ። የሾው የሙዚቃ ባንድ በተጫወታቸው ዘፈኖች ላይ የቅጂ መብት ጥያቄ ተነሥቶ ኖሮ፣ ቪዲዮዎቹን በሙሉ ሰረዟቸው። በኋላ ዘፈኑን ቆርጠው እንደ አዲስ ጫኗቸው። ቪዲዮው ተመለሰ፤ ኮሜንቱ ግን አልተመለሰም። የድሮው ርዕስ የለም፣ የድሮው ተምኔል የለም፣ ቪው ከዜሮ ጀመረ። እኔ የማጠናው ደግሞ በትክክል እሱን ነበር። አማካሪዬ ይሄን ስነግረው "ታዲያ ጣቢያውን ጠይቃቸው" አለኝ። ጣቢያውን! መዝገብ ቤቷ እንኳ ገና ሳታሳልፈኝ!

ስለዚህ ዛሬ ማታ ጀምሪ። ኤክሴል ክፈቺ። ለእያንዳንዱ ቪዲዮ ሊንኩን፣ ርዕሱን፣ ቀኑን፣ የዕለቱን ቪው መዝግቢ፤ ተምኔሉን ስክሪንሾት አድርጊ። ከዚያ በማግሥቱ ተመለሺና እንደገና እዪው፤ ርዕስና ተምኔል ይቀያየራል። ማታ "የማይረሳ ቆይታ" ተብሎ የተጫነው ጠዋት "ለምን አለቀሰ?" ሆኖ ታገኚዋለሽ። ይሄ ለውጥ ራሱ ዳታ ነው፤ ያላየው ሰው ግን በኋላ ሊያገኘው አይችልም። ኮሜንቱን ለማውረድ የአምስተርዳም ዩኒቨርሲቲው በርንሃርድ ሪደር የሠራው ዩቲዩብ ዳታ ቱልስ አለ፤ ነፃ ነው፣ በሠንጠረዥ ይሰጥሻል። የራስሽን ኤፒአይ (ፕሮግራም ከዩቲዩብ በቀጥታ ዳታ የሚያወርድበት በር) ቁልፍ ከተጠቀምሽ ደግሞ ዩቲዩብ በቀን የሚሰጥሽ ኮታ 10,000 ዩኒት ነው። አንድ ፍለጋ 100 ይበላል። የቻናሉን የአፕሎድ ዝርዝር ማንበብ ግን 1 ብቻ ነው። ስለዚህ አትፈልጊ፤ ዝርዝሩን ጎትቺ። ቴሌግራም ቀላል ነው፤ ኮምፒውተር ላይ የሚጫነው ቴሌግራም የቻናሉን ታሪክ በሙሉ ኤክስፖርት ያደርግልሻል። ቲክቶክ የምርምር በር ከፍቷል፣ ግን በዋናነት ለአሜሪካና ለአውሮፓ ተቋማት ነው። በእጅሽ ትለቅሚያለሽ። የድሮ ተመራቂዎች ለፌስቡክ ክራውድታንግል የተባለውን የሜታ መረጃ መሰብሰቢያ ተጠቅመናል ብለው ጽፈው ታያለሽ፤ እሱ በኦገስት 14 ቀን 2024 ተዘግቷል። አማካሪሽ ቢያነሣብሽ አትደንግጪ።

2. "ቪው" ሁሉ አንድ አይደለም። ብዙ ሰው ቲቪው ይሄን ያህል፣ ዩቲዩቡ ይሄን ያህል፣ ቲክቶኩ ይሄን ያህል ብሎ ባር ቻርት ይሠራል። ያምራል፤ ምንም ማለት ግን አይደለም። ቴሌግራም ላይ ፖስቱ ወደ ሌላ ቻናል ፎርዋርድ ሲደረግ እዚያ ያየው ሰው ሁሉ የመጀመሪያው ፖስት ቁጥር ውስጥ ይገባል። ፌስቡክ ለረጅም ጊዜ 3 ሴኮንድ ያየን ሰው ተመልካች ብሎ ቆጥሯል። ዩቲዩብ ሾርትስ ደግሞ ከማርች 31 ቀን 2025 ወዲህ ቪዲዮው ማጫወት እንደጀመረ ይቆጥራል። ከዚያ ቀን በፊትና በኋላ ያለ የሾርትስ ቪው አጠገብ ለአጠገብ አይቀመጥም። ዲስላይክም አትፈልጊ፤ በ2021 መጨረሻ ከሕዝብ ዕይታ ወጥቷል።

3. ሰዓት። ይሄ ትንሽ ነገር ይመስላል። የእኔ ሾው እሑድ ከምሽቱ 3፡00 ላይ ነበር። ከሌሊቱ 7፡30፣ ለሰኞ አጥቢያ፣ ክሊፕ ይጫናል። ከዩቲዩብ ኤፒአይ የወረደው ዳታ ሰዓቱን በዓለም አቀፉ አቆጣጠር ስለሚያስቀምጥ 22፡30 ይላል፤ ቀኑም እሑድ ነው። የቴሌግራሙ ኤክስፖርት የኮምፒውተርሽን ሰዓት ስለሚከተል ሰኞ ይላል። እዚህ ላይ የእኛን ቀን መቁጠሪያ ጨምሪበት። የትኛው ቀደመ የሚለው ጥያቄ ለጥናትሽ ዋናው ነው፤ ክሊፑ ከስርጭቱ በፊት ወጣ ወይስ በኋላ? ሁሉንም በአንድ ዓምድ ወደ አዲስ አበባ ሰዓት ቀይሪ።

የካቲት 2015ን የሚያካትት ዳታ ከያዝሽ ደግሞ ልብ በይ። ፌስቡክ፣ ዩቲዩብ፣ ቴሌግራምና ቲክቶክ እስከ ሐምሌ ድረስ አገር ውስጥ ታግደው ነበር። ሰው በቪፒኤን ነው የገባው። ያን ጊዜ ጣቢያው በዩቲዩብ ስቱዲዮው ሲያይ ተመልካቹ ከሌላ አገር የመጣ ይመስላል። "የዳያስፖራ ተመልካች ጨመረ" ብለሽ እንዳትጽፊ።

4. ሰውየውን ሳይሆን ልጁን ፈልጊ። ማለቴ፣ ከሕዝብ ግንኙነት ምንም አታገኚም። እኔ የጥናቴን ግማሽ ያገኘሁት ክሊፕ ከሚቆርጠው ልጅ ነው። ከጣቢያው ፊት ለፊት ያለ ካፌ ውስጥ ማኪያቶ ሊጠጣ ይወጣል። አንድ ቀን ተዋወቅን። ደብዳቤ አልጠየቀኝም። "ኧረ ስለኛ ሥራ የሚጠይቅ ሰው ተገኘ!" ብሎ ሳቀ። ቀረጻው ላይ ወንበር ይዞ እንደሚቀመጥ፣ እንግዳው ሲያለቅስ ወይም ሲናደድ ደቂቃውን እንደሚጽፍ ነገረኝ። የዩቲዩቡን ርዕስ ሙሉ ኤዲቲንግ ከማለቁ በፊት እንደሚያወጣ ነገረኝ። አንዳንዴ የቲክቶኩ ቁራጭ ከስርጭቱ ቀድሞ ይወጣል። ከሁሉ የገረመኝ ግን አቅራቢው ነው። ድሮ የእንግዳውን ስም መግቢያው ላይ አንዴ ይጠራ ነበር። አሁን በየጥያቄው መሃል ሙሉ ስሙን እየደጋገመ ይጠራል። ለምን? ክሊፑ የት እንደሚወድቅ አይታወቅም፤ ከመሃል ያየ ሰው ማን እንደሚያወራ ማወቅ አለበት። ጥያቄ ጠይቆም ትንሽ ዝም ይላል፤ ልጁ የሚቆርጥበት ቦታ እንዲያገኝ።

ገባሽ? ቲቪው ለዩቲዩብ ይመግባል ብለን ነው የምናስበው። ቲክቶኩ ግን ተመልሶ የቲቪውን አነጋገር ቀይሮታል። ይሄን ከድሮ ክፍሎችና ከአዲሶቹ እያነጻጸርኩ አሳየሁት። ዲፌንስ (ጽሑፌን ፈታኞች ፊት ያቀረብኩበት ቀን) ላይ አንደኛው ፈታኝ ብዕሩን አስቀምጦ ያዳመጠኝ ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ስለዚህ የምታጠኚው ነገር ሙሉ ክፍሉ አይሁን። አንድ ቁራጭ ያዢና ተከተይው። እኔ አንድ ዘፋኝ ስለ እናቱ ሲናገር ያለቀሰበትን ቦታ ያዝኩ። ቲቪ ላይ ከጨዋታና ከዘፈን መሃል ያለ ጥቂት ደቂቃ ነበር። ዩቲዩብ ላይ ራሱን የቻለ ቪዲዮ ሆነ። ቲክቶክ ላይ ንግግሩ ቀርቶ እንባው ብቻ ከሌላ ሙዚቃ ጋር ወጣ። ቴሌግራም ላይ አድናቂዎች ምስሉን አውጥተው ድምፁን ብቻ ለቀቁት፤ ምክንያቱ ዳታ ነው፣ ድምፅ ርካሽ ነው። ኮሜንቱም እንደዚያው ተለያየ። ዩቲዩብ ላይ ከቤሩት፣ ከጅዳ፣ ከዱባይ የሚጽፉ እህቶች ስለራሳቸው እናት ጻፉ። ቲክቶክ ላይ "አክት ነው" እያሉ ተሰዳደቡ። ዩቲዩብ የማስታወቂያ ገቢው ተመልካቹ ባለበት አገር ይለያያልና፣ ርዕሱ ውጭ ያለውን ሰው ልብ ለመንካት ለምን እንደሚሞክር ከዚህ ጋር አያይዘሽ እዪው።

ያ የተሰረዘው ሲዝንስ? ያገኘሁት እነዚያው የቴሌግራም አድናቂዎች ጋ ነው። ቆራርጠው፣ የራሳቸውን ርዕስ ሰጥተው አስቀምጠውታል፤ ከሥሩ ውይይቱ ሳይቀር አለ። የዩቲዩቡን ኮሜንት አይተካም። ግን ጣቢያው ዋጋ ያልሰጣቸው ቁራጮች እዚያ በጣም የታዩ ሆነው አገኘኋቸው። ምርጡ ምዕራፌ ከዚያ ወጣ።

5. ኮሜንቱን በሶፍትዌር አስተነትናለሁ ብለሽ ከሆነ ቆም በይ። ግማሹ አማርኛ በላቲን ፊደል ነው የተጻፈው። በፊደል የተጻፈውም ሀ፣ ሐና ኀን፣ ሰና ሠን እንደፈለገው ይቀላቅላል፤ አንዱን ፈልገሽ ሌላው ያመልጥሻል። "ጎበዝ!" የሚለው አድናቆት ይሁን ሽሙጥ ማሽኑ አይለይም። ናሙና ወስደሽ በእጅሽ ኮድ አድርጊ (እያንዳንዱን ኮሜንት በዓይነቱ መድቢ)፤ ሌላ ሰውም ያንኑ ናሙና ለብቻው ኮድ ያድርግልሽና አነጻጽሪ።

ስለ ቲዎሪ ልተወው ነበር፤ ግን አንድ ነገር ልበል። ሁሉም ሰው አሜሪካዊውን የሚዲያ ተመራማሪ ሄንሪ ጄንኪንስን ጠቅሶ "ትራንስሚዲያ" (አንድን ታሪክ በብዙ ሚዲያ መንገር) ብሎ ርዕስ ያወጣል። ጄንኪንስ ያለው እያንዳንዱ ሚዲያ ለታሪኩ የራሱን አዲስ ነገር ሲጨምር ነው። ምሳሌ ከፈለግሽ የኖርዌይ ሕዝብ ብሮድካስት ኤንአርኬ ከ2015 እስከ 2017 የሠራውን ስካም የተባለ የወጣቶች ድራማ እዪ። ትዕይንቱ ማክሰኞ ከሰዓት ከተፈጸመ ክሊፑ ማክሰኞ ከሰዓት ድረ ገጹ ላይ ይወጣል። ገጸ ባሕርያቱ የሚጻጻፉት ቴክስት ይለጠፋል። ኢንስታግራም አላቸው። ዓርብ ላይ ሳምንቱ ተሰብስቦ አንድ ክፍል ይሆናል። ቴክስቱን ያላነበበ ታሪኩ ይጎድልበታል። በነገራችን ላይ እነሱም ከሙዚቃ መብት ጣጣ አላመለጡም፤ በ2017 ውጭ አገር ያሉ ተመልካቾችን በዚሁ ምክንያት ዘግተዋል።

የእኛ ሾው እንደዚህ ነው? አብዛኛው አይደለም። እንደ ሰይፉ በኢቢኤስ ያለ ቶክ ሾው ተቆራርጦ ይሰራጫል፤ ይሄ ሌላ ነገር ነው፣ በራሱም በቂ ርዕስ ነው። እንደ እረኛዬ ያለ ተከታታይ ድራማ ከመረጥሽ ደግሞ ቁራጭ የመከተሉ ነገር ይከብድሻል፤ እዚያ የተመልካቹን ትንበያና ክርክር ብትከተይ ይሻላል። ፈታኞቼ "በብዙ ሚዲያ የሚዘረጋው የታሪኩ ዓለም የት አለ?" ብለው ሊያጠምዱኝ ሞክረው ነበር። "የለም፤ እኔም አለ አላልኩም" አልኳቸው። ዝም አሉ።

የጣቢያው ፈቃድ በመጨረሻ መጣ፤ ጽሑፌን አስገብቼ ከጨረስኩ በኋላ። አንድ ኮፒ እንዳስረክባቸውም ጠየቁኝ። ይዤ ስሄድ መዝገብ ቤቷ ልጅ "መሸኛ ደብዳቤው የታለ?" አለችኝ።

የተጠቀምኩበትን የኮዲንግ ሠንጠረዥ ከፈለግሽ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፤ እልክልሻለሁ። የትኛውን ሾው እንደያዝሽም ንገሪኝ፤ የእኔው ጣቢያ ከሆነ ልጁ ስንት ሰዓት ካፌ እንደሚወጣ እጠቁምሻለሁ።