ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ያለው ጥግ ይጠቁራል፣ ጠዋት ራሴን ይፈልጠኛል

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ውስጥ ኮንዶሚኒየም 3ኛ ፎቅ ላይ፣ ባለ አንድ መኝታ ቤት ውስጥ አራት ሆነን እንኖራለን። ክረምት በገባ ቁጥር ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ያለው ጥግ ይጠቁራል። ሁለት ጊዜ ቀለም አስቀባሁት፤ ተመልሶ መጣ። ቤቱ ሻጋታ ሻጋታ ይላል፣ አንዳንዴ የሽንት ቤት ሽታም ይመጣል። ልጄ ያስለዋል። እኔን ጠዋት ጠዋት ራሴን ይፈልጠኛል። ብርዱ ስለከፋ ማታ ቡና ያፈላንበትን ከሰል መኝታ ቤት አስገብተን ነው የምንተኛው። አየር የሚያጣራ ማሽን ልግዛ ወይስ ሌላ ዓይነት ቀለም ይሻለኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ ማሽኑንም ቀለሙንም ለጊዜው ይተዉት። እኔን ያስደነገጠኝ መጨረሻ ላይ እንደ ዋዛ ጣል ያደረጉት ነገር ነው፤ ከሰሉ። ዛሬ ማታ መኝታ ቤት እንዳይገባ። ይህን ካደረጉ የቀረውን ነገም ማንበብ ይችላሉ።

“ጭሱ ውጭ አልቆ፣ ፍም ሲሆን እኮ ነው የምናስገባው” እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ቤቱ የሄድኩበት ሰው ሁሉ እንዲህ ይለኛል። ጭስ ቢኖረው እኮ ዓይን ያቃጥላል፣ ሰው በሩን ከፍቶ ይወጣል። ፍሙ ግን ጭስ ካቆመ በኋላም ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። አመድ ለብሶ የጠፋ ሲመስልም ያው ነው። ይህ ጋዝ ቀለም የለውም፣ አይሸትም። ደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል። ሰውየው ይተነፍሳል፣ ሰውነቱ ግን ይታፈናል። ነቅቶ ከሆነ ራሱን ያመዋል፣ ያቅለሸልሸዋል። ከተኛ ግን እንቅልፉ እየከበደው ይሄዳል እንጂ ምንም አያውቅም። መስኮት ገርበብ ማድረግም መተማመኛ አይሆንም።

የራስ ምታትዎ ከቤት ሲወጡ የሚለቅዎ፣ ሌሎቹም ጠዋት የሚደብታቸው ከሆነ ዋናው ተጠርጣሪ ይኸው ነው። ሐኪም ጋ ሄደው “ከሰል ይዘን እንተኛ ነበር” ብለው በግልጽ ይንገሩ። ጣት ላይ የሚሰካው የኦክስጅን መለኪያ ይህን ጋዝ ከኦክስጅን ለይቶ ስለማያውቅ ጤነኛ ነዎት ሊል ይችላል። የደም ምርመራው ነው የሚለየው። ውጭ አገር ዘመድ ካለዎት ደግሞ ሽቶ ከሚልክልዎ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ ይላክልዎ። ለብርዱ ተጨማሪ ብርድ ልብስ፣ ወይም ሙቅ ውሃ በጠርሙስ አድርገው በፎጣ ይጠቅልሉ።

አሁን ወደ ጥጉ እንምጣ። እኔ የልስንና የቀለም ሰው ነኝ፤ ይህን ጥግ በደንብ አውቀዋለሁ። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አንድ ቤት ተጠርቼ ጥቁሩን ፍቄ፣ ስቱኮ መትቼ፣ ሁለት እጅ ቀለም ቀባሁ። ኮራሁበትም። በዓመቱ ባለቤቲቱ ደውለው “ና እጅህን ተመልከት” አሉኝ። ጥቁሩ እንደነበረው ቁጭ ብሏል።

ያኔ ያልገባኝ ነገር፣ ችግሩ ግድግዳው ሳይሆን ውሃው ነበር። አራት ሰው ሌሊቱን በትንፋሽና በላብ ከ1 ሊትር በላይ ውሃ አየሩ ላይ ይለቃል። 1 ኪሎ ቡታጋዝ ሲነድ ደግሞ 1.5 ሊትር ያህል ውሃ በእንፋሎት ይወጣል። የወጡ እንፋሎት፣ ሻወሩ፣ ክረምት ላይ ቤት ውስጥ የሚሰጣው ልብስ ሲጨመር ያስቡት። ያ ሁሉ እንፋሎት ቀዝቃዛ ቦታ ሲያገኝ ውሃ ይሆናል፤ ከፍሪጅ የወጣ ጠርሙስ እንደሚያልበው ማለት ነው። ቤትዎ ውስጥ ቀዝቃዛው ቦታ ያ ጥግ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ጥጉ ላይ የቆመው የኮንክሪት ኮለን፣ ማለትም ምሰሶ ነው፤ ኮንክሪት ከብሎኬቱ ይልቅ የውጭውን ብርድ ያስገባል። እርስዎ ደግሞ ቁም ሳጥን ደግፈውበት አየር ከልክለውታል። ሻጋታ ሌላ ምን ይፈልጋል?

ግን ከላይ ፎቅ የሚያፈስ ቧንቧም ሊሆን ይችላል። ለመለየት፣ ንጹሕ ፌስታል ወስደው ደረቅ በሆነ ሰዓት ጥጉ ላይ ዙሪያውን በፕላስተር ይለጥፉት። ከሁለት ቀን በኋላ ይመልከቱ። ፊቱ ላይ ውሃ ካለ የቤቱ አየር ነው። ከጀርባው፣ በግድግዳው በኩል ከረጠበ ውሃው ከውስጥ ነው የሚመጣው። ያኔ ከላይ ያሉትን ጎረቤት ማነጋገር ነው።

የቤቱ አየር ከሆነ ቁም ሳጥኑን ከግድግዳው 10 ሴንቲ ያህል ያርቁት። ጠዋት ፊት ለፊት ያሉ ሁለት መስኮቶችን ለ10 ደቂቃ ወለል አድርገው ይክፈቱ። “ዝናብ እየዘነበ እርጥበት አስገባለሁ እንዴ?” ይሉ ይሆናል። አያስገቡም፤ የውጭው ቀዝቃዛ አየር ከሰው ከታጨቀው ሞቃት ክፍል ያነሰ ውሃ ነው የሚይዘው። ለዚያውም የአዲስ አበባ ክረምት ብዙውን ጊዜ ጠዋት ፋታ ይሰጣል፣ ዝናቡ ከሰዓት ነው። ሲያበስሉ ድስቱን ይክደኑ፣ የኩሽናውን በር ዘግተው መስኮቱን ይክፈቱ። የሻወሩን አየር ማስወጫ ብርድ ገባ ብለው በካርቶን ደፍነውት ከሆነ ይንቀሉት። እጠረጥርዎታለሁ፣ ይቅርታ። ዕጣኑን ተዉ አልልም፤ ቡና ያለ ዕጣን ምን ቡና ነው? ግን ልጅ እያሳለው ዝግ ቤት ውስጥ አያጭሱ።

ጥቁሩን ለማጽዳት ማስክና ጓንት አድርገው በሳሙና ውሃ ይጠቡት። ከዚያ በውሃ የቀጠነ በረኪና ይቀቡትና መስኮት ከፍተው በደንብ ያድርቁት። በረኪናን ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ጋር በፍጹም እንዳይቀላቅሉ፤ የሚወጣው ክሎሪን ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል። ቀለሙ ሳምንታት ቆይቶ፣ ግድግዳው ሲደርቅ ይደርሳል። የልጁ ሳል ጥጉ ከጸዳና ከሰሉ ከቆመ በኋላም ካልተወው ሐኪም ይየው።

ማሽኑ አቧራና ጭስ ይይዛል። እርጥበት አያወጣም፣ ካርቦን ሞኖክሳይድም አይይዝም። ገንዘብዎን ይያዙ።

የሽንት ቤቱ ሽታ ከሁሉም ቀላሉ ነው፣ ምንም እንኳ አፍንጫዎን ከሁሉ በላይ ያስቸገረው እሱ ቢሆንም። ወለሉ ላይ ካለው የውሃ መውረጃ ሥር ሲፎን የሚባል የታጠፈ ቧንቧ አለ፤ ውስጡ የሚቀረው ውሃ ነው የፍሳሹን ሽታ የሚያግደው። ውሃ የማይፈስበት ከሆነ በሳምንታት ውስጥ ይደርቃል፣ ሽታውም ይወጣል። 1 ሊትር ውሃ ያፍስሱበት። ቶሎ እንዳይተን በላዩ ማንኪያ ዘይት ጠብ ያድርጉ። ሽታው በማግሥቱ ከተመለሰ፣ ወይም ጎረቤት ውሃ ሲለቅ የእርስዎ መውረጃ የሚንደቀደቅ ከሆነ የአየር መተንፈሻው ቧንቧ ሳይደፈን አልቀረም። ለዚያ ቧንቧ ሠራተኛ ይጥሩ፤ እኔን ወይም ሌላ ቀለም ቀቢ አይጥሩ።