ከእርሻ ተረፈ ምርት የሚገኝ የማጽጃ ጥሬ ዕቃ

ጥያቄ፦ በአዳማ ከጓደኞቼ ጋር አነስተኛ የፈሳሽ ሳሙና ማምረቻ አለን። አረፋ የሚሰጠውን ዋናውን ኬሚካል ከውጭ ከሚያስመጡ ነጋዴዎች ስለምንገዛ ዋጋው ከብዶናል። ሞላሰስ፣ ፉርሽካና የዘይት ማጣሪያ ተረፈ ምርት ግን በአቅራቢያችን ይገኛል። ከእነዚህ ተመሳሳይ ነገር ማውጣት ይቻላል?
አንባቢ፣ ከአዳማ

መልስ፦ ይቻላል፤ ሆኖም የሦስቱ አሠራር በእጅጉ ይለያያል። እናንተ የምትገዙት ዓይነት፣ ሰርፋክታንት የሚባለው ንጥረ ነገር አንዱ ጫፉ ውሃን፣ ሌላው ቅባትን ስለሚወድ በሁለቱ መካከል ገብቶ ቅባቱን ከውሃው ጋር ያነሣዋል።

ከሞላሰስ፣ ማለትም ከስኳር ፋብሪካ ተረፈ ምርት፣ የሚገኘው ሰርፋክታንት ሶፎሮሊፒድ ይባላል። ስታርሜሬላ ቦምቢኮላ የተባለው እርሾ ስኳርና የአትክልት ዘይት ሲመገብ ያመነጨዋል፤ በአንዳንድ አገሮችም በዕቃ ማጠቢያና በመዋቢያ ምርቶች ውስጥ ይገባል። ሞላሰሱ ርካሽ ቢሆንም ከሌሎች ተሕዋስያን የጸዳ ጋንና የማያቋርጥ አየር ያስፈልጋል፤ ምርቱን ከፈሳሹ ለይቶ ማጥራትም ብዙ ወጪ ይጠይቃል። ራምኖሊፒድ የተባለውን ሌላውን ዓይነት በተፈጥሮ የሚያመርተው ሱዶሞናስ ኤሩጂኖሳ ደግሞ አቅመ ደካማ ሰዎችን በሽታ ላይ የሚጥል ባክቴሪያ ስለሆነ በአነስተኛ ማምረቻ ፈጽሞ አይሞከር። የፉርሽካው ስኳር ከቅባት ከሚሠራ አልኮል (የሰባ አልኮል) ጋር ተዋሕዶ ሰርፋክታንት ይሆናል፤ ይህ ግን የትልቅ ፋብሪካ ሥራ ነው።

እኛ የምንመክረው የዘይት ማጣሪያውን ተረፈ ምርት ነው። ድፍድፍ የአኩሪ አተር ዘይት በጥቂት ሙቅ ውሃ ሲታጠብ የሚለየው ሙጫ ደርቆ ሌሲቲን የተባለ ቅባትንና ውሃን የሚያዋሕድ ንጥረ ነገር ይሆናል፤ ቸኮሌት፣ ማርጋሪን፣ ቀለምና የእንስሳት መኖ አምራቾች ይፈልጉታል፤ አረፋው አነስተኛ ስለሆነ ግን ለእናንተ አይሆንም። ለእናንተ የሚሆነው ዘይቱ በኮስቲክ ሶዳ አሲዱ ሲወገድለት የሚቀረው ዝቃጭ ነው፤ ከውሃው ሌላ ያለው አብዛኛው ራሱ ሳሙና ነውና። ከዝቃጩ በአሲድ ተለይቶ የሚወጣው የቅባት አሲድ በፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ሲሠራ ለስላሳ ወይም ፈሳሽ ሳሙና ይሰጣል። ካልሲየም በበዛበት ውሃ ግን ሳሙናው ይረጋና አረፋው ይጠፋል፤ ስለዚህ አስቀድማችሁ ውሃችሁን አስመርምሩ።

የእጣቢውንም ነገር አደራ። ኢትዮጵያዊው ሳይንቲስት ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. በአድዋ በእንዶድ ልብስ ከሚታጠብበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተዋል፤ የገደላቸውም በእንዶዱ ውስጥ ያለው፣ አረፋ ሰጥቶ የሚያጸዳው ሳፖኒን የተባለ ንጥረ ነገር ራሱ ነበር። ከተክል የተገኘ ሁሉ ለወንዝ ፍጥረት ደህና ነው ማለት አይደለምና እጣቢያችሁን ሳታክሙ ወደ ወንዝ አትልቀቁ። ዝቃጩን ስትገዙም በውስጡ ያለው ቅባት ከማጣሪያ ማጣሪያ፣ ከጊዜ ጊዜ ስለሚለያይ በየጭነቱ አስለክታችሁ በቅባቱ መጠን ተዋዋሉ።