ደመወዙ፣ ደስታው ወይስ ጊዜው? ጠይቁኝ

ብዙ ዓመት በሰው ኃይል አስተዳደር ሠርቻለሁ። ሰው እቀጥራለሁ፣ የሚለቁትንም አነጋግራለሁ። ከሚገባው ሰው ይልቅ የሚለቀው እውነቱን ይናገራል። ከእነሱ የሰማሁትንና ያነበብኩትን ይዤ የላካችኋቸውን ጥያቄዎች እነሆ መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ ሌላ መሥሪያ ቤት 30 በመቶ የደመወዝ ጭማሪ ሊሰጠኝ ነው። ሥራው ግን ጫና አለው ይላሉ። ልሂድ?

ወንድሜ፣ «ጫና» ስንት ሰዓት ነው? መጀመሪያ እሱን አጣራ። አሁን በሳምንት 40 ሰዓት ትሠራለህ እንበል። እዚያ 55 ከሆነ ሰዓትህ በ37.5 በመቶ ጨመረ ማለት ነው። ደመወዝህ የጨመረው ደግሞ በ30 ነው። በሰዓት ስታሰላው እንዲያውም ከ5 በመቶ በላይ ቀንሶብሃል። የመንገዱን ሰዓትም ደምርበት፤ ሰው ሁሌ እሱን ይረሳል። ይህ ማለት ግን አትሂድ ማለት አይደለም። ጥሩ ሙያ የምትቀስምበት ቦታ ከሆነ ለሁለት ዓመት ሊያዋጣ ይችላል። ብቻ «ጭማሪ አገኘሁ» ብለህ አትግባ።

ጥያቄ፦ ገንዘብ ደስታ አይገዛም ይባላል። እውነት ነው?

እንዲህ የሚሉት ብዙ ጊዜ ገንዘቡ ያላቸው ናቸው። ወደ ቁም ነገሩ ስንመጣ፣ ዳንኤል ካህነማንና አንገስ ዲተን የሚባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2010 የአሜሪካውያንን መረጃ አጥንተው ነበር። የዕለት ተዕለት ስሜት ከ75,000 ዶላር ገደማ ዓመታዊ ገቢ በኋላ መሻሻሉን ያቆማል አሉ። ይህ ቁጥር ዓለምን ዞረ። በ2021 ግን ማቲው ኪሊንግስወርዝ የሚባል ተመራማሪ ከዚያ በላይም ደስታ ከገቢ ጋር እንደሚጨምር አሳየ። ደስ የሚለኝ ቀጥሎ የመጣው ነው። ካህነማንና ኪሊንግስወርዝ ከመጨቃጨቅ ይልቅ ሌላ ተመራማሪ፣ ባርባራ ሜለርስን፣ ሸምጋይ አድርገው መረጃውን አብረው መረመሩት። በ2023 ያወጡት ውጤት፦ ለአብዛኛው ሰው ገቢ ሲጨምር ደስታም ይጨምራል። የሚቆመው ቀድሞውንም እጅግ ለከፋቸው ጥቂቶች ነው። እነሱን የሚያስጨንቃቸውን ነገር ገንዘብ ከተወሰነ ደረጃ በኋላ አያቃልለውም።

ስለዚህ ገንዘብ ይረዳል። ግን ጭማሪው የሚሰማን በመቶኛ ነው። አነስተኛ ደመወዝ ያለውን ሰው የሚያስፈነድቀው ጭማሪ ብዙ የሚከፈለውን ብዙም አይሞቀውም።

ጥያቄ፦ የምወደውን ሥራ ካገኘሁ ክፍያው ቢያንስም ግድ የለኝም። ተሳስቻለሁ?

ዛሬ ግድ የለሽም። የቤት ኪራይ ሲጨምር እናወራለን።

የሥነ ልቦና ባለሙያው ፍሬደሪክ ኸርዝበርግ እ.ኤ.አ. በ1959 ያቀረበው ሐሳብ እዚህ ላይ ይጠቅምሻል። ሰውን በሥራው የሚያስደስተውና የሚያስከፋው ነገር የተለያየ ነው ይላል። የሚያስደስተው ሥራው ራሱ፣ ውጤቱ፣ የሚሰጠው ኃላፊነትና ምስጋና ነው። የሚያስከፋው ደግሞ ደመወዝ፣ አለቃ፣ የመሥሪያ ቤቱ አሠራር ነው። ጥናቱ የተሠራበት መንገድ ብዙ ተተችቷል። እኔ ግን ከሚለቁ ሰዎች የምሰማው ከዚህ ጋር ይገጥማል። ሥራውን እየወደደ በክፍያው ተማርሮ የሚለቅ አለ። ተከፍሎት ጠግቦ ሥራው የሰለቸውም አለ። አንዱ ሌላውን አይተካም።

አንድ ነገር ልጨምር፦ ሥራሽን እንደምትወጂ ያወቀ አሠሪ ያንን ከደመወዝሽ ላይ ሊቀንስ ይሞክራል። ፍቅርሽን በድርድር ጠረጴዛ ላይ አታስቀምጪው።

ጥያቄ፦ እኔ የምሠራው ለደመወዝ ብቻ ነው። ይህ ነውር ነው?

በፍጹም። ሥራህን በአግባቡ ሠርተህ ወደ ቤትህ ግባ። እ.ኤ.አ. በ1997 ተመራማሪዋ ኤሚ ሬዝኔስኪና ባልደረቦቿ ሠራተኞችን ሲያጠኑ፣ ሥራቸውን እንደ እንጀራ፣ እንደ ዕድገት መሰላል ወይም እንደ ጥሪ የሚያዩ ሰዎች አገኙ። ሦስቱም ዓይነት በአንድ የሥራ መደብ ውስጥ ጭምር ነበሩ። ሁሉም ሰው ጥሪ ሊኖረው ይገባል ያለ የለም።

ጥያቄ፦ ነርስ ነኝ። ሙያዬን እወዳለሁ፣ ግን ዝያለሁ። ዕረፍት ወጥቼ ስመለስ በሳምንቱ ያው ነኝ።

እህቴ፣ ዕረፍት ያላስተካከለው ድካም ብዙውን ጊዜ ምንጩ የሥራው አደረጃጀት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ይህን መዛል በቅጡ ካልተያዘ ሥር የሰደደ የሥራ ጭንቀት የሚመጣ ክስተት ብሎ ገልጾታል። ምልክቶቹ ሦስት ናቸው፦ አቅም መሟጠጥ፣ ከሥራው በሐሳብ መራቅ ወይም መማረር፣ «ምንም አልሠራሁም» የሚል ስሜት። ተመራማሪው ሮበርት ካራሴክ ደግሞ በ1979 እንዳሳየው፣ ሰውን በጣም የሚጎዳው ብዙ ሥራና ትንሽ የመወሰን ሥልጣን አንድ ላይ ሲመጡ ነው። ስለዚህ ከደመወዝ ጭማሪ በፊት በፈረቃሽ ላይ ድምፅ እንዲኖርሽ ጠይቂ። የማታ ፈረቃው ቀድሞ ይነገርሽ፣ የመቀያየር መብት ይኑርሽ። ክፍል መቀየርም ይቻላል፤ ሙያውን ለመተው አትቸኩዪ። ድካሙ ካልለቀቀሽ ደግሞ ሐኪም ይይሽ፤ ሌሎችን እያከማችሁ ራሳችሁን ትረሳላችሁ።

ጥያቄ፦ ሦስት ልጆች አሉኝ፣ ዕድሜዬም ገፍቷል። ሁለት ሥራ እሠራለሁ። ይህ ሁሉ የሥራና የሕይወት «ሚዛን» የቅንጦት ወሬ አይደለም?

ልክ ነዎት፣ ለብዙ ሰው ቅንጦት ነው። ልምከርዎት ብዬ አልመጻደቅም። ይህን ብቻ ይወቁ፦ የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ሥራ ድርጅት በ2021 ባወጡት ጥናት፣ በሳምንት 55 ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚሠራ ሰው ከ35 እስከ 40 ሰዓት ከሚሠራው ይልቅ በስትሮክ የመያዝ አደጋው 35 በመቶ ከፍ ይላል። ከሁለቱ ሥራዎች የትኛው በሰዓት አነስ ያለ እንደሚከፍል ያስሉ። አቅም ባገኙ ጊዜ መጀመሪያ የሚቀንሱት እሱን ነው። ደም ግፊትዎንም ይለኩ።

ጥያቄ፦ ቃለ መጠይቅ ላይ ስለ ሥራ ሰዓት ብጠይቅ ሰነፍ እንዳልመስል እፈራለሁ።

«ሚዛን አለ ወይ?» ብለህ አትጠይቅ፤ ሁሉም «አለ» ይላል። «ትናንት ስንት ሰዓት ከቢሮ ወጡ?» በለው። «ከእኔ በፊት እዚህ ቦታ ላይ የነበረው ሰው የት ሄደ?» ብለህም ጨምር። አድጎ ከሆነ ጥሩ ነው። በዓመት ውስጥ ሦስተኛው ተቀጣሪ አንተ ከሆንክ ግን አስብበት። ከቤት የምትሠራበት ቀን በቃል ከተሰጠህ ደግሞ ውሉ ላይ ይጻፍ። አለቃ ይቀየራል።