ጨዉን ተከተሉት፦ ከንግድ ኅብረት ስለመውጣት ለሚከራከሩ የወሎ ወጣቶች

የተወደዳችሁ ልጆቼ፣

ባለፈው ወር ደሴ ላይ ባካሄዳችሁት ክርክር በእንግድነት ተቀምጬ አዳምጫችሁ ነበር። ርእሱ «አንድ አገር ከንግድ ኅብረት ቢወጣ ይጠቀማል ወይስ ይጎዳል?» የሚል ነበር። የሁለቱም ወገን ተናጋሪዎች ተዘጋጅታችሁ መምጣታችሁ ደስ አሰኝቶኛል። ሆኖም አንዱ ወገን ስለ ሉዓላዊነት፣ ሌላው ስለ ዕድገት ሲናገር ከአንድ ሰዓት በላይ ሲያልፍ፣ አንድ ኩንታል ዕቃ ከየት ተነሥቶ፣ በየትኛው ኬላ አልፎ፣ ምን ያህል ተከፍሎበት ከማን እጅ እንደሚደርስ ያነሣ አንድም ሰው አልነበረም። በመጨረሻ አስተያየት ስትጠይቁኝ የተሰጠኝ አምስት ደቂቃ ስለማይበቃኝ ያስቀረሁትን በዚህ ደብዳቤ ልጽፍላችሁ ወደድሁ።

እኔ የምጣኔ ሀብት ምሁር አይደለሁም። ከ30 ዓመት በላይ ኮምቦልቻ ላይ በትራንዚተርነት፣ ማለትም የነጋዴዎችን የጉምሩክ ጉዳይ በማስፈጸም የሠራሁ፣ ዲክላራሲዮን የሚባለውን የጉምሩክ ቅጽ ስሞላ፣ ቀረጥ ሳሰላ፣ ዕቃው የት አገር እንደተሠራ የሚመሰክረውን የስሪት አገር ማረጋገጫ ሳገላብጥ ዕድሜዬን ያሳለፍሁ ሰው ነኝ። ከዚያ ሥራ የተረዳሁት ነገር፣ ከኅብረት መውጣት ይጠቅማል ወይም ይጎዳል ብሎ በጥቅሉ መፍረድ እንደማይቻል ነው። ፍርዱ በእያንዳንዱ ዕቃ ላይ ይለያያል፤ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ በአንዱ ዕቃ ላይ ጥቅሙና ጉዳቱ አብረው ይገኛሉ። ይህን የሚያሳይ ምሳሌ ለመፈለግ ባሕር መሻገር አያስፈልጋችሁም፤ እናቶቻችሁ ወጥ ውስጥ የሚጨምሩት ጨው ይበቃል።

ኤርትራ እ.ኤ.አ. በ1993 ነፃ አገር ከሆነች በኋላም ሁለቱ አገሮች ለአራት ዓመት ያህል የሚገበያዩት በብር ነበር፤ አሰብም የኢትዮጵያ ዋና የገቢና የወጪ ዕቃ በር ሆኖ ቀጥሎ ነበር። ይህ ግንኙነት በስሙ የንግድ ኅብረት አይባልም፤ አንድ ገንዘብና የጋራ ወደብ ያላቸው ሁለት አገሮች ግን በውል ከተመሠረቱ ብዙ ኅብረቶች ይልቅ የተሳሰሩ ናቸው። በ1990 ዓ.ም. መጀመሪያ ኤርትራ ናቅፋ የተባለ የራሷን ገንዘብ አወጣች፤ ኢትዮጵያም የብር ኖቶቿን ቀየረች፤ ከአነስተኛ የድንበር ንግድ በቀር ግብይቱ በውጭ ምንዛሪና በኤል ሲ፣ ማለትም በባንክ የክፍያ ዋስትና ሰነድ እንዲሆን ተወሰነ። በዚያው ዓመት ግንቦት ወር ጦርነት ተነሣ፤ መንገዱም ተዘጋ። ጦርነቱ በገንዘብ ለውጡ ብቻ መጣ የሚል ሰው ነገሩን ከልክ በላይ ያቀለዋል፤ እኔም ስለ መንስኤው እዚህ አልፈርድም። የማነሣው፣ ከኮምቦልቻ በባቲ ወርዶ ሚሌ ላይ ከአሰብ መንገድ ጋር የሚገናኘው ጎዳና የሚያመጣው ዕቃ ከዚያ በኋላ ምን እንደሆነ ነው።

ቀደም ሲል ወደ ገበያችን ይመጣ የነበረው ጨው በአብዛኛው የቀይ ባሕር ዳርቻ ጨው ነበር፤ አዮዲንም እዚያው ይጨመርበት ነበር። መንገዱ ሲዘጋ በአፋር የአፍዴራ ሐይቅ ጨው በስፋት መመረት ጀመረ፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥም የአገሪቱ ዋና የጨው ምንጭ ሆነ። «እንውጣ» ለሚለው ወገን ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም። በውጭ ምንዛሪ ሊገዛ የነበረ ዕቃ ከገዛ ምድራችን ወጣ፤ አምራቹም፣ ጫኙም፣ ባለ መኪናውም እንጀራ አገኘ። የቀደመው ግንኙነት ባይቋረጥ ኖሮ የአፍዴራ ጨው በዚያ ፍጥነት ባልለማ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ነገር ግን ጨዉን እስከ ምድጃው ድረስ ተከተሉት። የአፍዴራ ጨው ለረጅም ጊዜ አዮዲን ሳይጨመርበት ነበር የሚሸጠው፤ ለሰው ምግብ የሚውል ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲኖረው የሚያስገድደው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ የወጣው በ2003 ዓ.ም. ነው። በመካከሉ ከአሥር ዓመት በላይ አለ። የአዮዲን እጥረት እንቅርት እንደሚያመጣ፣ በእርግዝና ጊዜ ሲሆን ደግሞ የሚወለደውን ልጅ የአእምሮ ዕድገት እንደሚጎዳ በትምህርት ቤት ተምራችኋል። እንቅርት በደጋችን ከዚያ በፊትም ነበር፤ ነገር ግን መድኃኒቱ በየቤቱ በጨው ተቀላቅሎ መግባት ከጀመረ በኋላ ተቋረጠ። ይህን ጉዳት በሞላሁት ዲክላራሲዮን ሁሉ ላይ አላየሁትም፤ የሚጻፍበት ሣጥን የለውምና። የከፈሉት ነፍሰ ጡር እናቶችና ገና ያልተወለዱ ልጆች ናቸው፤ እነርሱ ደግሞ በየትኛውም የክርክር አዳራሽ ውስጥ አልነበሩም። ስለዚህ ስለ ንግድ ኅብረት ስትናገሩ ስለ ቀረጥ ብቻ አትናገሩ። ኅብረት ከዕቃው ጋር የጥራት ደረጃ፣ የላቦራቶሪ ምርመራ፣ የጤና ቁጥጥር ይዞ ይመጣል፤ የሚወጣ አገር እነዚህን በራሱ ለመተካት ከመውጣቱ በፊት ካልተዘጋጀ ክፍተቱ ለዓመታት ይቆያል።

ሌላም ልንገራችሁ። ጦርነቱ በተነሣበት በ1990 ዓ.ም. አንድ የደሴ ነጋዴ ደንበኛዬ ዕቃው አሰብ ወደብ ላይ እያለ መንገዱ ተዘጋበት። ምን ላድርግ ብሎ ሲጠይቀኝ፣ «ጥቂት ወራት ታገሥ፣ ይከፈታል» ብዬ መከርሁት። ተሳስቼ ነበር። ዕቃውን አላገኘውም፤ የተበደረውን ገንዘብ ለመክፈል ቤቱን ሸጠ። ዛሬም ሳስበው ያመኛል፤ ያን ጊዜ ንግድ እንደ ውኃ ነው፣ ግድቡ ሲነሣ በቀድሞው ቦይ ይፈሳል ብዬ አምን ነበርና። በ2010 ዓ.ም. መጨረሻ ሁለቱ መንግሥታት ሰላም ሲያወርዱ ግን 20 ዓመት አልፎ ነበር፤ መኪናውም፣ መጋዘኑም፣ ባንኩም፣ የነጋዴው ትውውቅም ሁሉ ወደ ጅቡቲ ዞሮ ስለነበር ንግዳችን ወደ አሰብ አልተመለሰም። «ካልጠቀመን ተመልሰን እንገባለን» ያለው ተናጋሪያችሁ ይህን እንዲያስብበት እለምነዋለሁ።

አሁን ወደ ብሪታንያ ልለፍ፤ ሁላችሁም እርሷን ጠቅሳችኋልና። ብሪታንያ የአውሮፓን ማኅበረሰብ፣ የኋላውን የአውሮፓ ኅብረት፣ እ.ኤ.አ. በ1973 ተቀላቀለች፤ በ1975 ሕዝቧን ጠይቃ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ እንቆይ አለ፤ በጁን 23 ቀን 2016 ግን 51.9 በመቶው እንውጣ ብሎ ድምፅ ሰጠ። በይፋ የወጣችው በጃንዋሪ 31 ቀን 2020 ሲሆን፣ የጉምሩክ ሥርዓቱ የተለወጠው ደግሞ በ2021 መባቻ ነው። ከድምፁ እስከ ኬላው አራት ዓመት ተኩል ማለት ነው። በክርክራችሁ ላይ አንዱ «ከአውሮፓ ጋር ያለ ቀረጥ ለመነገድ ስለተስማማች ምንም አልጎደለባትም» ሲል ሰማሁ። ስምምነቱ ቀረጥና ኮታ ማስቀረቱ እውነት ነው፤ ግን ዕቃው የስሪት አገር መመዘኛውን ሲያሟላ ነው። ቀረጡ ዜሮ ሲሆን ወረቀቱ ዜሮ አይሆንም። ቀድሞ ከአንድ ከተማ ወደ ሌላ እንደሚሄድ ያህል ይጓዝ የነበረ ጭነት ዲክላራሲዮን ተጠየቀ፤ ሥጋና አይብ የሚልክ ደግሞ የእንስሳት ሐኪም ማረጋገጫ ተጨመረበት። ለመቶ ኮንቴይነርም ሆነ ለአንድ ካርቶን የሚጠየቀው ሰነድ ተመሳሳይ ነው፤ ትልቁ ድርጅት ይህን የሚሠራ ክፍል ያቋቁማል፣ ትንሹ ነጋዴ መላኩን ይተዋል። በኮምቦልቻ ዘመኔ በየዓመቱ ያየሁት ይህንኑ ስለሆነ ከማንኛውም አኃዝ ይልቅ እርሱን አምናለሁ። አኃዝ ለምትፈልጉ፣ የብሪታንያ የበጀት ጉዳይ ገለልተኛ ተቋም የአገሪቱ ምርታማነት በረጅም ጊዜ ሳትወጣ ብትቀር ከሚኖረው በ4 በመቶ ያህል ዝቅ እንደሚል ይገምታል። ግምት መሆኑን ግን አትርሱ፤ ያልሆነን ነገር ከሆነው ጋር ማነጻጸር ነውና ክርክር አይዘጋም።

ያገኘችውንም አትሸፍኑ። የራሷን ታሪፍ አወጣች፤ ከአውስትራሊያና ከኒውዚላንድ ጋር ያደረገቻቸው ስምምነቶች እ.ኤ.አ. በ2023 በሥራ ላይ ዋሉ፤ በ2024 መጨረሻም የፓስፊክ ዙሪያ አገሮችን የንግድ ስምምነት ተቀላቀለች። ስለ ገንዘብ መዋጮውም ትክክለኛ ጥያቄ ነበራት፤ ሆኖም ስትወጣ ቀድሞ የገባችባቸውን ግዴታዎች ለመክፈል መስማማት ነበረባት። እኛ አገር እቁብ የገባ ሰው ዕጣው ከወጣለት በኋላ «በቃኝ» ቢል ዋሱ ይጠየቅበታል፤ የአገሮችም ነገር ከዚህ ብዙ አይርቅም። በሰሜን አየርላንድ ደግሞ አብዛኛው ሕዝብ እንቆይ ብሎ ነበር፤ ጎረቤቷ የአየርላንድ ሪፐብሊክ በአውሮፓ ኅብረት ውስጥ ስለቀረች፣ በሰሜን አየርላንድ የነበረውን የረጅም ጊዜ ግጭት ያበቃው ሰላም ደግሞ በደሴቲቱ ላይ ኬላ እንዳይቆም ስለሚጠይቅ ፍተሻው በራሷ በብሪታንያና በሰሜን አየርላንድ መካከል ሆነ። ወደ ውጭ የነበረውን ድንበር ለማጥበቅ የተነሣ አገር በገዛ ግዛቱ መካከል ወረቀት የሚጠየቅበት መስመር አሰመረ ማለት ነው።

ለእኛ ግን ከብሪታንያ ይልቅ ማሊ፣ ቡርኪና ፋሶና ኒጀር ይቀርባሉ፤ ሦስቱም እንደ እኛ ባሕር የላቸውም። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2024 ከኢኮዋስ፣ ማለትም ከምዕራብ አፍሪካ አገሮች የምጣኔ ሀብት ማኅበረሰብ፣ እንደሚወጡ አስታወቁ፤ በውሉ መሠረት የአንድ ዓመት ጊዜ ሞልቶ በጃንዋሪ 2025 ወጡ። ልብ በሉ፣ በሲኤፍኤ ፍራንክ ከሚገለገለው የምዕራብ አፍሪካ የገንዘብና የምጣኔ ሀብት ኅብረት ግን አልወጡም፤ ከሴኔጋል፣ ከኮትዲቯር፣ ከቶጎና ከቤኒን ጋር ያስተሳስራቸዋልና። ወደብ የሌለው አገር አንዱን በር ሲዘጋ ሌላው ክፍት መሆኑን አይቶ ነው። ከዚያው ጋር ከሦስቱ አገሮች ውጭ በሚመጣ ዕቃ ላይ የ0.5 በመቶ ክፍያ ጣሉ፤ መጠኑ ትንሽ ይመስላል፣ ከኢኮዋስ ጎረቤቶቻቸው በሚመጣ ዕቃ ላይ ግን ቀድሞ አልነበረም።

መውጣት ምክንያታዊ የሆነባቸው ጊዜያትም አሉ። ግሪንላንድ እ.ኤ.አ. በ1982 ሕዝቧን ጠይቃ በ1985 ከአውሮፓ ማኅበረሰብ ወጣች፤ የምትኖርበት ዓሣ በሌሎች መርከቦች እንዳይወሰድባት በውኃዋ ላይ ራሷ ማዘዝ ፈለገች። ጉዳይዋ አንድና ግልጽ ስለነበር ዓሣዋን ወደ አውሮፓ ገበያ ማስገባት የምትችልበትን ስምምነት ይዛ ነው የወጣችው። ታንዛኒያም እ.ኤ.አ. በ2000 ከኮሜሳ፣ ማለትም ከምሥራቅና ደቡባዊ አፍሪካ የጋራ ገበያ፣ ወጣች፤ በደቡባዊ አፍሪካ የልማት ማኅበረሰብና በምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ ውስጥ ግን ቆየች። የጋራ የውጭ ታሪፍ ባላቸው ሁለት የጉምሩክ ኅብረቶች ውስጥ በአንድ ጊዜ መግባት አይቻልም፤ አንድ አገር ለአንድ ዓይነት ዕቃ ሁለት የተለያየ ታሪፍ ሊያስከፍል አይችልምና።

ከዚህ ጋር አንድ ስሕተታችሁን በፍቅር ላርም። ከእናንተ አንዷ የኮምቦልቻን ኢንዱስትሪ ፓርክ ጠቅሳ «ከአጎዋ ስንወጣ የደረሰብንን አይተናል» ብላለች። የተቆጨችበት ነገር እውነት ነው፤ በ2009 ዓ.ም. ተመርቆ የብዙ እህቶቻችሁ ተስፋ የሆነው ፓርክ የአሜሪካ ገበያ ከቀረጥ ነፃ መሆኑ እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 2022 ጀምሮ ሲቀር ተጎድቷል። ነገር ግን አጎዋ ኅብረት አይደለም፤ አሜሪካ ለአፍሪካ አገሮች ዕቃ በራሷ ሕግ የምትሰጠው፣ በራሷ ውሳኔም የምታነሣው ዕድል ነው። እኛ አልወጣንም፤ ተከለከልን። ይህ ልዩነት ለክርክራችሁ ትልቅ ነገር ነው፤ በውል የተመሠረተ ኅብረት አባሉን በአንድ ማለዳ አያሰናብትም፣ የማስታወቂያ ጊዜና የመከራከሪያ ሥርዓት አለው። ኮሜሳንም ስትጠቅሱ ኢትዮጵያ አባል ሆና ሳለ እ.ኤ.አ. በ2000 የተጀመረውን የኮሜሳ ነፃ የንግድ ቀጣና ሳትቀላቀል ለረጅም ዓመታት በከፊል የታሪፍ ቅናሽ ስትነግድ እንደኖረች አስታውሱ። የአፍሪካ አህጉራዊ ነፃ የንግድ ቀጣናን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2019 አጽድቃለች። ስለዚህ በእናንተ ዘመን ከመውጣት ይልቅ የመግባቱ ጥያቄ ነው የሚቀድመው፤ የትኛው ፋብሪካችን ለውድድር ሳይደርስ በሩ ቢከፈት ይዘጋል፣ የትኛው ገበሬ ገበያ ያገኛል የሚለውን አሁኑኑ ማወቅ አለባችሁ።

ለሚቀጥለው ክርክር አንድ ሐሳብ ላቅርብ። አዳራሽ ከመግባታችሁ በፊት እያንዳንዱ ቡድን አንድ ዕቃ ይምረጥ፤ ጨው፣ ማሽላ፣ ቆዳ ወይም የፋብሪካ ልብስ ቢሆን ግድ የለም። ሰኞ ባቲ ገበያ ውረዱና ሻጩንም ገዢውንም ጠይቁ፤ ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ ሄዳችሁ ምን ሰነድ እንደሚያስፈልገው እዩ። ከዚያ የምታምኑበትን ወገን ሳይሆን ተቃራኒውን ወክላችሁ ተከራከሩ። እኔ የድሮ ዲክላራሲዮን ቅጂዎች፣ ከአሰብ ዘመን የቀሩትንም ጭምር፣ በሁለት ሣጥን አስቀምጫለሁ። ደሴ ፒያሳ አካባቢ ያለውን ቤቴን አስተባባሪያችሁ ያውቀዋል፤ ከሰዓት በኋላ ኑ፣ ቡና እየጠጣን አብረን እናገላብጣቸዋለን።