የአሮጌ ፒካፕ ጣሪያ እንዴት ይቀየራል?

ጥያቄ፦ የአሮጌው ፒካፔ ጣሪያ ከፊት መስታወቱ በላይ በዝገት ተበልቶ ጣት ያስገባል። ከሌላ ጋቢና የወጣ ደህና ጣሪያ አግኝቻለሁ። ዝም ብዬ ቆርጬ ልበይደው?

መልስ፦ ኧረ ቆይ! መጀመሪያ ባትሪውን ንቀል፣ መስታወቶቹንና የጣሪያውን ጨርቅ አውጣ። ከዚያ ጋቢናውን ከውስጥ በብረት ቱቦ ወጥረህ ያዘው፤ ይህን ከዘለልክ ጣሪያው ሲነሳ ጋቢናው እንደ ካርቶን ይላላና በሮቹ አልዘጋ ብለው ያሳብዱሃል። የውሃ መውረጃውን ጠርዝ ቀለም ስትፍቅ ትንንሽ ክብ ጠባሳዎች ታያለህ። የፋብሪካው ብየዳ ናቸው። እነሱን በ8 ሚሊሜትር መሰርሰሪያ ብሳ፣ የላይኛውን ላሜራ ብቻ! አሮጌውን ጣሪያ አንስተህ አዲሱን አስቀምጥና ሳትበይድ በሮቹን ዘግተህ ክፍተቱን እይ። ስትበይድ ቦታ እያቀያየርክ ነጥብ ነጥብ አድርግ፤ በአንድ መስመር ከነዳኸው ላሜራው በሙቀት ይጎብጣል፣ ያንን ደግሞ በስቱኮ መሸፈን ጣጣ ነው። በመጨረሻ መገጣጠሚያውን አሽግ፣ አሮጌውንም ጣሪያ ያበላሸው እዚያ የገባ ውሃ ነው።